ሕመምን ለአሠሪ መንገር፦ መቼ? ለማን? እንዴት?



ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል ሁልጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። «ስኳር አለብኝ፤ ለማዳሜ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?» የሚል ነው። አንዷ ስለ ደም ግፊቷ፣ ሌላዋ ስለ አስሟ፣ ሌላዋ ስለሚጥላት በሽታ ትጠይቃለች። ስሙን እንኳ ሳትጠራ ስለ ኤች አይ ቪ የምትጠይቅም አለች።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብትናገር እንጀራዋን ልታጣ ትችላለች። በአገር ቤት የጉዞ ዕዳ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የእናት መድኃኒት አለ። ዝም ብትል ደግሞ አንድ ቀን በተዘጋ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትወድቅ ምን እንደ ሆነች የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ተናገሩ» ወይም «ዝም በሉ» ብለን በአንድ ቃል አንዘጋውም። እያንዳንዷ እህት የራሷን ሁኔታ የምትመዝንበትን መንገድ ለማሳየት እንሞክራለን።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ አባባል የተነገረው መድኃኒቱ በእጁ ስላለ ሰው ነው፤ እርሱም ሐኪም ነው። እነዚያው አባቶች «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። አንድ ጊዜ ለአሠሪ የተነገረ ነገር ተመልሶ አይገባም። ሁለቱን አባባሎች በየቦታቸው ብናደርጋቸው የጽሑፋችን ዋና ሐሳብ ይወጣል፦ ለሐኪም ሁልጊዜ ሁሉንም መንገር፤ ለአሠሪ ግን አስቀድሞ መመዘን።

1. በመጀመሪያ በሽታዎቹን እንለይ

ለዚህ ጉዳይ ሲባል በሽታዎችን በሦስት ከፍለን ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ ወደ ሌላ ሰው የማይተላለፉ፣ ነገር ግን ዕድሜ ልክ ወይም ለረጅም ጊዜ ክትትል የሚፈልጉ ናቸው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመምና እንቅርት ከእነዚህ ይቆጠራሉ። መድኃኒቱ በሥርዓት ከተወሰደ ብዙዎች እንደ ማንኛውም ሰው ሠርተው ይኖራሉ።

ሁለተኛዎቹ የሚተላለፉ፣ ነገር ግን በቤት ሥራ የማይተላለፉ ናቸው። ኤች አይ ቪ ምግብ በማብሰል፣ ልብስ በማጠብ፣ ሕፃን በማቀፍ ወይም በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት አይተላለፍም። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታም አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው። በእነዚህ በሽታዎች ላይ ያለው ችግር ግን ሌላ ነው። በባሕረ ሰላጤ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት የኤች አይ ቪ ምርመራ ግዴታ ሲሆን፣ ውጤቱ ቫይረሱ እንዳለ ካሳየ ሠራተኛዋ ወደ አገሯ ትመለሳለች። በሊባኖስም ለሥራ ፈቃድ የደም ምርመራ ይጠየቃል። ስለዚህ ይህን ለአሠሪ መንገር ስኳርን ከመንገር ጋር አንድ አይደለም። በአሠሪዋ ፊት ከመናገሯ በፊት እህታችን ከሐኪም ጋር፣ እንዲሁም ምሥጢር ከሚጠብቅ አንድ ሰው ጋር ልትመክር ይገባታል።

ሦስተኛው የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ነው። ይህ በትንፋሽና በሳል ይተላለፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ አንድ ቀን እንኳ ሳይጨመር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ቲቢ በመድኃኒት ይድናል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። በቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ካለ መደበቅ ራስንም ሌላውንም መጉዳት ነው።

2. ራሳችንን የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች

ሀ) ሕመሜ በድንገት ሊጥለኝ ይችላል?

ኢንሱሊን የምትወጋ ሰው ስኳሯ በድንገት ሊወርድ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለባት ምልክት እንኳ ሳታይ ልትወድቅ ትችላለች። ከባድ አስምም በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ያሳጥራል። እንዲህ ባሉት ሕመሞች በአንድ ጣራ ሥር ያለ ቢያንስ አንድ ሰው ማወቁ ሕይወት ያድናል። በአንጻሩ በቀን አንድ ኪኒን የሚበቃው የተረጋጋ ደም ግፊት ወይም እንቅርት ከሆነ አሠሪዋ ባታውቅም የሚመጣ ድንገተኛ አደጋ ጥቂት ነው።

ለ) ሥራዬ ሕመሜን ያባብሰዋል? ሕመሜስ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ያመጣል?

አስም ያለባት እህት በየቀኑ በክሎር መታጠቢያ ቤት የምታጸዳ ከሆነ መድኃኒቷ ብቻ አይበቃትም። (ለሁላችንም የሚሆን ማሳሰቢያ፦ ክሎርን ከፍላሽ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጤነኛውንም ያፍናል።) የሚጥል በሽታ ያለባት በሰባተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ወጥታ መስታወት መወልወል የለባትም። ሕፃን ብቻዋን የምታጥብ ወይም በባልኮን ላይ አቅፋ የምትቆም ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የእኛ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ የማያውቅ ሕፃን ሕይወት አለበት። እዚህ ላይ ሚዛኑ ወደ መናገር ያዘነብላል። ቢያንስ ያን ሥራ የሚተካ ሌላ ሥራ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሐ) ለመሆኑ መደበቅ ይቻላል?

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ፣ ማለትም በማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ በረዶ ከሠራ ግን ይበላሻል። ማቀዝቀዣው ደግሞ የማዳም ነው። በቅቤና በእርጎ መካከል የተገኘ መርፌ ያለ ማብራሪያ ሲታይ «ይህች ልጅ ዕፅ ትወስዳለች» ሊያሰኝ ይችላል። በራስ አንደበት የተነገረ ሕመምና ተደብቆ የተገኘ መርፌ እኩል አይታዩም። ሊደበቅ የማይችለውን ነገር ቀድሞ መናገር ይሻላል።

መ) ይህ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? እኔስ በውሌ ላይ የት ነኝ?

ማዳም ልጆቿ ሲታመሙ፣ ወይም ከእናንተ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስትታመም ምን አደረገች? ደመወዝ በሰዓቱ ትከፍላለች? ስትቆጣ ምን ትላለች? በቤቱ ውስጥ ራሱ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሽማግሌ አለ? ካለ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይቀላል፤ ቤተሰቡ በሽታውን ያውቀዋልና። ከዚህ ሌላ የመጀመሪያዎቹ ወራት የሙከራ ጊዜ መሆናቸውን አትርሱ፤ በብዙ ቦታ ይህ ጊዜ 3 ወር ነው። በዚህ ጊዜ አሠሪዋ «ይህችን መልሱና ሌላ ስጡኝ» ብላ መክተቡን መጠየቅ ትችላለች። ለሕይወት የማያሰጋ ሕመም ከሆነ ሥራችሁና ጠባያችሁ እስኪታወቅ መቆየት ጥበብ ነው። ድንገት የሚጥል ሕመም ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

3. ሕጉ ምን ይላል?

በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። በ2009 ለቤት ሠራተኞች አንድ ወጥ ውል ወጣ፤ በእርሱም አሠሪው የጤና ዋስትና እንዲገዛና በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ እንዲሰጥ ይጠየቃል። በ2020 የተሻሻለ ውል ታውጆ ነበር፤ ነገር ግን የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት አገደው። አሠሪው የሚገዛው ዋስትናም ብዙውን ጊዜ ለአደጋና ሆስፒታል ለመተኛት እንጂ ለዕለት ተዕለት ኪኒን አይሆንም። ከ2019 ወዲህ በደረሰው የገንዘብ ቀውስ መድኃኒት እጅግ መወደዱን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በባሕረ ሰላጤ አገሮች የተለዩ ሕጎች ወጥተዋል። ኩዌት በ2015፣ ኳታር በ2017 ያወጧቸው ሕጎች ሠራተኛዋ ስትታመም ማሳከም የአሠሪው ኃላፊነት መሆኑን ይናገራሉ። በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለ።

ይህን ማወቅ መልካም ነው። ሆኖም የሕመም ፈቃድ የሚሰጥ ሕግና ከሥራ መባረርን የሚከለክል ሕግ አንድ አይደሉም። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በከፊሉ ስም የታሰረ በመሆኑ፣ ከፊሉ «አልፈልጋትም» ካለ ወረቀታችሁ አብሮ ይናወጣል። ስለዚህ ውሳኔያችሁን በሕጉ ላይ ብቻ አታቁሙ።

4. ለመናገር ከወሰናችሁ

ከመናገራችሁ በፊት ሦስት ነገር አዘጋጁ። አንደኛ፣ የሕመሙን ስም፣ የምትወስዱትን መድኃኒትና መሥራት እንደምትችሉ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት። ሁለተኛ፣ የፓስፖርታችሁና የኢቃማችሁ ፎቶ፤ በታማኝ እህት ስልክ ላይም ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ድንገት ውጡ ብትባሉ የምታርፉበት ቤትና ጥቂት ገንዘብ። የቀረ ደመወዝ ካለም በተቻለ መጠን ከተቀበላችሁ በኋላ ተናገሩ።

ጊዜ ምረጡ። በጠብ መካከል፣ እንግዳ በመጣበት ቀን ወይም ጥፋት ከተገኘ በኋላ አትናገሩ፤ ሰበብ ይመስላል። ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ለማዳም ብቻ፣ በአጭሩ ይሁን። ከሕመሙ ስም ቀጥሎ ወዲያው የምትፈልጉትን ንገሯት። ሰው የሚፈራው ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ ሲቀር ነው። የምትጠይቁት በሰዓቱ መብላትና በወር አንድ ጊዜ ፋርማሲ መሄድ ብቻ መሆኑን ስትሰማ ፍርሃቷ ይቀንሳል።

በሊባኖስ ዓረብኛ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ማዳም፣ ማዒ ሱካሪ።» (ማዳም፣ ስኳር አለብኝ።)
«ባኾድ ዳዋ ኪል ዮም።» (በየቀኑ መድኃኒት እወስዳለሁ።)
«ላዚም ኤኮል ዓል ዋኤት።» (በሰዓቱ መብላት አለብኝ።)

ደም ግፊት «ዳግት»፣ አስም «ራቡ»፣ የሚጥል በሽታ «ሳራዕ» ይባላሉ። ዓረብኛችሁ ገና ከሆነ ሐኪሙ ወይም የፋርማሲው ሰው በወረቀት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

የሕይወት ታሪካችሁን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ስኳር ያለባት እህት ስለ ስኳሯ ስትናገር ስለ ሌላ ምርመራዋ መናገር የለባትም። ለጎረቤት ሠራተኛም አታውሩ። ወሬ ከአራተኛ ፎቅ ወደ አንደኛ ፎቅ በሊፍት ይወርዳል፤ ማዳም ከእናንተ ሳይሆን ከጎረቤቷ ስትሰማ ትቆጣለች።

ሳይነገር ዝም ማለትና ተጠይቆ መዋሸትም አንድ አይደሉም። «ታመሻል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ «መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ሐኪም ያየኛል፣ ሥራዬን መሥራት እችላለሁ» ማለት እውነት ነው፤ ይበቃልም። የማታነቡትን ወረቀት ግን «ጤነኛ ነኝ» ብላችሁ አትፈርሙ፤ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ አስነብቡ።

5. ላለመናገር ከወሰናችሁ

ይህም ውሳኔ ነው፤ ኃጢአት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ነገር ግን ለአሠሪ አለመናገር ማለት ለማንም አለመናገር ማለት አይደለም። የሚከተሉትን ጠብቁ።

• ቢያንስ አንዲት እህት በሽታችሁን፣ መድኃኒታችሁንና የቤታችሁን አድራሻ ትወቅ። በቀን አንድ ጊዜ በስልክ መልእክት ተላላኩ፤ መልእክቱ ከቀረ ትደውል።

• የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከስልካችሁ ጀርባ ወይም ከኪሳችሁ አድርጉ። ብትወድቁ አምቡላንስ የሚያነበው ይህን ነው።

• የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን ዋና ስሙን እወቁ። ለምሳሌ ሜትፎርሚን ወይም አምሎዲፒን። ሣጥኑና ቀለሙ ከአገር አገር ይለያያል፤ ዋናው ስም ግን አንድ ነው።

• ኪኒኑ የቤቱ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ትራስ ሥር ማድረግ ለሕፃን አደጋ ነው።

• የተከፈተ ኢንሱሊን ከፀሐይና ከኃይለኛ ሙቀት ርቆ ለአራት ሳምንት ያህል ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል። ስለዚህ ያልተከፈተውን በእህት ቤት ማቀዝቀዣ አስቀምጣችሁ የያዛችሁትን ብቻ በክፍላችሁ መያዝ ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት በበጋ ሙቀት እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት የሸክላ ዕቃ ይረዳል።

• መድኃኒት አለቀ ብላችሁ በድንገት አታቋርጡ። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ከቀድሞው የከፋ መውደቅ ያመጣል። አንድ ወር ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ።

• ከአገር ቤት መድኃኒት የምታስመጡ ከሆነ የሐኪም ማዘዣ አብሮ ይምጣ። ለሚጥል በሽታ በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ያለ ወረቀት በአውሮፕላን ማረፊያ ቢያዝ ከባድ ጣጣ ያመጣል።

6. በጭንቅ ሰዓት ምን ይደረጋል?

ይህን ክፍል ቆርጣችሁ ለጓደኛም ብትሰጡ መልካም ነው።

ስኳር ሲወርድ፦ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ረሀብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ይታያል። ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ይጠጣ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ይደገም፤ ከዚያም ምግብ ይበላ። ራሷን የሳተች ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይፈስስም፤ አምቡላንስ ይጠራ። ይህ ሕመም ያለባት እህት ሁልጊዜ በኪሷ ከረሜላ ወይም ስኳር ትያዝ።

የሚጥል ሲነሣ፦ ክብሪት ማሽተት፣ ቁልፍ ማስጨበጥ፣ በአፍ ማንኪያ መክተት አይጠቅምም፤ ይጎዳል። በአካባቢዋ ያለውን ስለትና እሳት አርቁ፤ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኗ አስተኟት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጀመራት አምቡላንስ ጥሩ።

የአምቡላንስ ስልክ፦ በሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112፣ በኳታር 999።

7. ስለ ጾምና ስለ ጠበል

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አደገኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም ልትገድለው አትፈልግም። ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ፤ እንደ አቅማችሁ የምትጾሙበትን መንገድ ይነግሯችኋል። በሙስሊም ቤት የምትሠሩ ደግሞ የረመዳንን ወር አስቀድማችሁ አስቡበት። የምግቡ ሰዓት ሁሉ ወደ ሌሊት ይዞራል፤ ቀን ለእናንተ የሚበላ ነገር ላይኖር ይችላል። ስኳር ያለባት እህት ቢያንስ በዚህ ወር ስለ ምግቧ መናገር ይኖርባታል።

ጠበል የሚጠጣ ሰው መድኃኒቱን መተው የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ሁለቱ አይጣሉም።

8. ተናግራችሁ ብትባረሩስ?

ይህ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ በቁጣ ወጥታችሁ አትሂዱ። ወረቀት የሌላት ሠራተኛ ታማ ስትገኝ መከራዋ እጥፍ ነው። የሠራችሁበትን ደመወዝ፣ ፓስፖርታችሁንና መድኃኒታችሁን ጠይቁ። ወደ መክተብ ከመለሱአችሁ ስለ ሕመማችሁ ለሌላ አሠሪ ማን ምን እንደሚነግር ጠይቁ። የሚከለክላችሁ ሰው ካለ ለቆንስላው ወይም ለቤተ ክርስቲያን አሳውቁ። ወደ አገር መመለስ ግድ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። በአገራችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። የስኳርና የግፊት ሕክምናም በጤና ጣቢያ ይገኛል።

ለመምጣት የሚዘጋጁ እህቶች በአገር ቤት ካሉአችሁ ደግሞ ይህን ንገሩልን፦ በሌላ ሰው ደም ወይም ሽንት ምርመራ አይለፉ። እዚህ ሲደርሱ እንደገና ይመረመራሉ። የሚመለሱት ከነዕዳቸው ነው፤ መድኃኒታቸውንም አቋርጠው ይገኛሉ።

እንግዲህ እህቶች፤ ከላይ ያሉትን አራት ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጻፉና ለየራሳችሁ መልሱአቸው። ብቻችሁን የከበዳችሁ እንደ ሆነ ከካህን ጋር ተማከሩ፤ የነገራችሁት ከዚያ አይወጣም። የምትልኩት ገንዘብ ቤተሰባችሁን የሚጠቅመው እናንተ በሕይወት ስትኖሩ ነው። እናታችሁ ብትጠየቅ ከብሩ ይልቅ ልጇን እንደምትመርጥ አትጠራጠሩ።

እግዚአብሔር ለታመማችሁ ምሕረትን፣ ለደከማችሁ ብርታትን ያድላችሁ።